አንድ የንባብ ክፍል በ16 ሜጋባይት ቺፕ፦ የታመቀ የፋይል ሲስተም ኢሜጅ እንዴት ይሠራል?

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቆች፣ ስልክን ወይም የዲሽ ሪሲቨርን «ፍላሽ ማድረግ» የዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው። ደንበኛው አልነሳ ያለ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ከኮምፒውተሩ አንድ ፋይል መርጦ ይጭንበታል፤ መሣሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። በዚያ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማን በምን ዓይነት አሠራር እንዳዘጋጀውና ለአንድ ሞዴል የተሠራው ለሌላው የማይሆነው ለምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው እንዲህ ያለው ፋይል፣ ማለትም ለፍላሽ ሜሞሪ የሚዘጋጅ የታመቀ የፋይል ሲስተም (ፋይሎች በማከማቻ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ኢሜጅ፣ ከመነሻው እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ኢሜጅ የሚባለው ማውጫዎቹ፣ ፋይሎቹ፣ ስሞቻቸው፣ ባለቤቶቻቸውና ፈቃዶቻቸው በቺፑ ላይ በሚያርፉበት ቅደም ተከተል ባይት በባይት ተደርድረው የተቀመጡበት አንድ ፋይል ነው። ከተለመደው የዚፕ ፋይል የሚለየው ለመጠቀም አስቀድሞ መፍታት የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ኢሜጁን እንደታመቀ ይከፍተዋል፤ አንድ ፕሮግራም አንድን ፋይል ማንበብ ሲፈልግም የተፈለገውን ክፍል ብቻ በዚያው ቅጽበት ፈትቶ ወደ ራም ያመጣዋል። ስለዚህ 30 ሜጋባይት የሚሆን ይዘት 11 ሜጋባይት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ለተጠቃሚው ግን ሳይነካ እንዳለ 30 ሜጋባይት ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ነገሩን ተጨባጭ ለማድረግ አንድ ሥራ እናስብ። አራት ኪሎ አካባቢ ላለ አንድ አነስተኛ የንባብ ክፍል፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ የአማርኛ ጽሑፎችን ለአንባቢዎች ስልክ የሚያቀርብ ሣጥን ተፈልጓል። ያለው መሣሪያ 16 ሜጋባይት የሚይዝ ኖር የተባለው ዓይነት ፍላሽ ቺፕና 64 ሜጋባይት ራም ያለው አሮጌ ራውተር ነው። ከርነሉ፣ መሠረታዊ ፕሮግራሞቹ፣ ትንሽ የድር ሰርቨር፣ አንድ የግዕዝ ፎንትና ጽሑፎቹ ሁሉ በዚያች ቺፕ ላይ መግባት አለባቸው። የንባብ ክፍሉ ጠባቂ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም በማንኛውም ሰዓት ሊቋረጥ ይችላል። እነዚህ ሁለት የመጨረሻ ሁኔታዎች ከቺፑ ጥበት የበለጠ ሥራውን እንደሚወስኑት ወደ ታች እናያለን።

በመጀመሪያ ፍላሽ ሜሞሪ ከሃርድ ዲስክ የሚለይበትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሜሞሪ ፈጣሪ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ ግኝቱን በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ ናንድ የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1987 ተከትሏል። በኖርም ሆነ በናንድ ላይ የተደመሰሰ ቦታ ሁሉም ቢቶቹ 1 ናቸው። መጻፍ ማለት አንዳንዶቹን ወደ 0 መለወጥ ነው፤ 0 የሆነውን ወደ 1 መመለስ የሚቻለው ግን ብሎክ የሚባለውን ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ በመደምሰስ ብቻ ነው። ጠባዩ ከብራና ጋር ይመሳሰላል፤ አንዲት ፊደል ለማረም ሙሉ ቅጠሉን መፋቅ የግድ የሚሆንበትና በተፋቀ ቁጥር እየሳሳ የሚሄድ ብራና ማለት ነው። በኖር ቺፕ ላይ የመደምሰሻ ብሎክ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት ነው። በተለመደው አነስተኛ የናንድ ቺፕ ላይ ደግሞ 128 ኪሎባይት ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው 2,048 ባይት በሚይዙ 64 ገጾች ይከፈላል። አንድ ብሎክ የሚችለው የመደምሰስ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ጠንካራ በሚባሉት ቺፖች 100,000 ያህል ሲሆን፣ በአንድ ሕዋስ ከአንድ በላይ ቢት በሚይዙት ናንዶች ወደ ጥቂት ሺዎች ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በኪሳችን የምንይዘው የዩኤስቢ ፍላሽ፣ የስልክ ሚሞሪ ካርድና በስልኮች ውስጥ ያለው ኢኤምኤምሲ የተባለው ማከማቻ በውስጣቸው የራሳቸው መቆጣጠሪያ አላቸው። መቆጣጠሪያው ብሎኮችን በየተራ ያደክማል፣ የተበላሹትን ይደብቃል፣ ለውጭው ዓለም ደግሞ እንደ ተራ ዲስክ ሆኖ ይታያል። በራውተር ሰሌዳ ላይ በቀጥታ የተበየደ ቺፕ ግን ይህ ሁሉ የለውም፤ ሥራው በሙሉ በፋይል ሲስተሙ ላይ ይወድቃል። ለጥሬ ፍላሽ፣ ማለትም መቆጣጠሪያ ለሌለው ቺፕ፣ የተሠራ ፋይል ሲስተምን በሚሞሪ ካርድ ላይ መጫን ጥቅም የለውም፤ ለዲስክ የተሠራውን ኤክስት4 በጥሬ ቺፕ ላይ ማድረግ ደግሞ ቺፑን ቶሎ የሚጨርስ ስህተት ነው።

ለጥሬ ፍላሽ ከተሠሩት መካከል በስፋት የቆየው ጄኤፍኤፍኤስ2 ነው። መነሻው የስዊድኑ አክሲስ ኮሙኒኬሽንስ በ1999 ያወጣው ጄኤፍኤፍኤስ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ትውልድ በሬድሃት ኩባንያ የነበረው ዴቪድ ውድሃውስ ሠርቶት በ2001 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። የሚጽፈውን ሁሉ እንደ መዝገብ ከፊት ወደ ኋላ እየጨመረ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም ማረጋገጫ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ቢቋረጥ ያልተጠናቀቀውን ቁራጭ ለይቶ ይጥለዋል። ድካሙ ሁለት ነው። ሲከፈት ቺፑን በሙሉ መቃኘት ስላለበት በትልቅ ቺፕ ላይ ይዘገያል፤ የሚያምቀውም ቢበዛ 4 ኪሎባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ነው። አነስተኛ ቁራጭ ውስጥ ተደጋጋሚ ነገር የመገኘት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ እመቃው ደካማ ይሆናል።

ስኳሽኤፍኤስ በተቃራኒው ለመነበብ ብቻ የተሠራ ነው። ፊሊፕ ሎገር በ2002 ያወጣው ሲሆን በ2009 የሊኑክስ 2.6.29 አካል ሆኗል። አንዴ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ ስለዚህም ለወደፊት ለውጥ ብሎ ባዶ ቦታ አያስቀርም፣ ፋይሎችን ያለ ክፍተት ይጠቀጥቃል፣ የፋይሎቹን መረጃ ራሱን ያምቃል፣ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ሁለት ፋይሎች ቢገኙም አንዱን ብቻ ያስቀምጣል። ከእርሱ በፊት የነበረው ክራምኤፍኤስ ዛሬም አለ፤ ነገር ግን አንድ ፋይል ከ16 ሜጋባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፣ እመቃውም ገጽ በገጽ ስለሆነ ለአዲስ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም።

ባለሙያዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ጨዋታው ቶሎ ወደ ማመቂያ ዘዴዎች ፉክክር ይሄዳል፤ ኤክስዜድ ይሻላል ወይስ ጂዚፕ እየተባለ። በእኔ ግምት ከዚያ የሚቀድመው ውሳኔ ሌላ ነው፤ በመሣሪያው ላይ ፈጽሞ የማይለወጠው ምን እንደሆነና የሚለወጠው ምን እንደሆነ መለየት። በንባብ ክፍሉ ሣጥን ላይ ከርነሉ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ፎንቱና አሁን ያሉት ጽሑፎች የማይለወጡ ናቸው፤ ከርነሉ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፣ የቀሩት ወደ ስኳሽኤፍኤስ ይገባሉ። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ የአንባቢዎች ቆጠራና አልፎ አልፎ የሚጨመር ጽሑፍ ይለወጣሉ፤ ለእነርሱ በቀሪው ቦታ ላይ ትንሽ ጄኤፍኤፍኤስ2 ይዘጋጃል። ኦቨርሌይኤፍኤስ የተባለው የከርነል ክፍል ሁለቱን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ እንደ አንድ ፋይል ሲስተም ያሳያቸዋል። ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው የራውተሮች ሊኑክስ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቅሙም የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው፤ ማንም የማይጽፍበት ክፍል በመጻፍ መሃል ሊቋረጥ አይችልም። ጠባቂው ቅንብሩን ቢያበላሸው እንኳ የላይኛውን ንብርብር መደምሰስ ብቻ መሣሪያውን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሰዋል።

የድርብ አሠራሩ ዋጋም አለው። ከታች ያለ ፋይል ሲሻሻል ሙሉ ቅጂው ወደ ላይ ይወጣል፤ የታችኛው ግን ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። ከታች ያለን ፋይል መሰረዝም ቦታ አያስለቅቅም፤ እንዲያውም «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ከላይ ስለሚጻፍ ጥቂት ባይት ይጨምራል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚሻሻል ነገርን ኢሜጁ ውስጥ መክተት በእጥፍ መክፈል ነው።

ይህ ከተወሰነ በኋላ ወደ እመቃው መምጣት ይቻላል፤ ለአማርኛ ደግሞ ነገሩ የተለየ ጣዕም አለው። ዛሬ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 ለአንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲመድብ ለአንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይመድባል። «ሰላም» የሚለው ቃል 9 ባይት ይሆናል፤ ባይቶቹም በቁጥር ሲጻፉ 225፣ 136፣ 176፤ ከዚያ 225፣ 136፣ 139፤ ከዚያ 225፣ 136፣ 157 ናቸው። ከየሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሦስቱም ፊደላት አንድ ዓይነት ሲሆኑ የሚለየው ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል 384 ቦታዎች ያሉት ሲሆን፣ በእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ባይት 225 ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ136 እስከ 141 ካሉት ከስድስቱ ቁጥሮች አንዱ ነው። ከ384 አማራጮች አንዱን ለመለየት ከ9 ቢት ያነሰ ይበቃል፤ እኛ ግን 24 ቢት እንከፍላለን። ማመቂያው ይህንን ድግግሞሽ ወዲያው ስለሚያውቀው፣ በጥሬው ሲታይ ለአማርኛ የሚከፈለው ተጨማሪ ቦታ አብዛኛው በኢሜጁ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ላይ እንደ «ነው»፣ «ውስጥ»፣ «እንደ» ያሉት በየመስመሩ የሚመላለሱ ቃላት ሲታከሉ፣ ጽሑፍ ከሁሉ የተሻለ የሚታመቅ ይዘት ይሆናል።

በአንጻሩ የብራና ገጾች ፎቶግራፍ በጄፔግ፣ የድምፅ ትምህርት በኤምፒ3፣ ቪዲዮም በማንኛውም ቅርጽ አስቀድመው የታመቁ ስለሆኑ ኢሜጁ ውስጥ ሲገቡ መጠናቸው አይቀንስም። እነርሱን ማሳነስ የሚፈልግ ሰው ጥራታቸውን ቀንሶ እንደገና ማዘጋጀት እንጂ የተሻለ ማመቂያ ፍለጋ መድከም የለበትም። ጽሑፎችን አስቀድሞ በዚፕ ጠቅልሎ ማስገባትም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ዚፑ በፋይሎቹ መካከል ያለውን መመሳሰል ስለሚሸፍነው ስኳሽኤፍኤስ የሚሠራበትን ነገር ያሳጣዋል።

ስኳሽኤፍኤስ አንድን ፋይል በብሎክ ከፍሎ ያምቃል። የዚህ ብሎክ መጠን ከቺፑ የመደምሰሻ ብሎክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ያለ ትእዛዝ የሚወስደው 128 ኪሎባይት ሲሆን፣ ከ4 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ድረስ መምረጥ ይቻላል። ብሎኩ ሲሰፋ እመቃው ይሻሻላል፤ ነገር ግን ከብሎኩ ውስጥ አንዲት መስመር ለማንበብ ሙሉ ብሎኩ መፈታት ስላለበት ዘገምተኛ ፕሮሰሰርና ትንሽ ራም ያለው መሣሪያ ይቸገራል። 64 ሜጋባይት ራም ላለው ራውተራችን 256 ኪሎባይት ሚዛናዊ ይመስለኛል፤ 1 ሜጋባይት ግን የሚያተርፈው ቦታ ከሚያስከትለው መዘግየት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከብሎክ የሚያንሱ ፋይሎችን ስኳሽኤፍኤስ በአንድ ላይ ሰብስቦ በጋራ ብሎክ ስለሚያምቃቸው፣ በመቶ የሚቆጠሩ አጫጭር ጽሑፎች ላሉት የንባብ ክፍል ይህ ጠባይ ትልቅ በረከት ነው። በኤክስት4 እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ 4 ኪሎባይት ብሎክ ይይዙ ነበር።

ማመቂያን በተመለከተ ኤክስዜድ በጠባብ ቺፕ ላይ ትንሹን ኢሜጅ ይሰጣል፣ ለመፍታት ግን ቀርፋፋ ነው። ጂዚፕ መካከለኛ ነው። ኤልዜድኦ ፈጣን ሆኖ ብዙ ቦታ ይወስዳል። ዜድስታንዳርድ ከ2017 ጀምሮ ከጂዚፕ የተሻለ እመቃን ከፈጣን አፈታት ጋር ያቀርባል። እዚህ ላይ የማይዘነጋው፣ በመሣሪያው ያለው ከርነል የተመረጠውን ዘዴ የሚያውቅ መሆን እንዳለበት ነው። ኤክስዜድን ሳይጨምር የተገነባ ከርነል ፍጹም ትክክለኛ የሆነውን የኤክስዜድ ኢሜጅ አልከፍትም ይላል፤ መሣሪያውም በየጊዜው እየጠፋ ይነሳል።

ኢሜጁ የሚሠራው ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። የመሣሪያው ሙሉ የማውጫ ዛፍ በአንድ ማውጫ ሥር ይዘጋጃል፤ ከፕሮግራሞቹ ላይ ለስህተት ፍለጋ ብቻ የሚያገለግለው መረጃ ይገፈፋል፤ የማያስፈልጉ የእገዛ ገጾችና የሌላ ቋንቋ ፋይሎች ይወጣሉ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በዩኤስቢ ፍላሽ ማውጫውን እንዳለ መገልበጥ ግን አደገኛ ነው። በእጃችን ያሉት ፍላሾች አብዛኞቹ በፋት32 የተሰናዱ ስለሆኑ የፋይል ፈቃዶችን፣ ባለቤትነትንና አገናኝ ፋይሎችን አይይዙም፤ ሣጥኑም ኋላ ለማንም ግልጽ ባልሆነ ምክንያት አይነሳም። መፍትሔው ማውጫውን በታር ፋይል ጠቅልሎ መውሰድ ነው። ባለቤትነትን በተመለከተም የኢሜጅ መሥሪያው ፕሮግራም ሁሉንም ፋይሎች የዋናው አስተዳዳሪ ንብረት እንዲያደርግ በአንድ አማራጭ ማዘዝ ይቻላል፤ አለዚያ ፋይሎቹ በኮምፒውተሩ ባለቤት ስም ይገባሉ። የአማርኛ የፋይል ስም የሚወድ ደግሞ የሊኑክስ ገደብ 255 ባይት፣ ማለትም 85 የግዕዝ ፊደል መሆኑን ያስታውስ።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ስሌት ነው። 16 ሜጋባይት ማለት እያንዳንዳቸው 64 ኪሎባይት የሆኑ 256 ብሎኮች ናቸው። ቡትሎደሩ (መሣሪያው ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው አስነሺ ፕሮግራም) 4 ብሎክ፣ የቡትሎደሩ ቅንብር 1፣ የዋይፋይ ሬዲዮው ልኬት መረጃ 1 ቢወስዱ 250 ይቀራል። ከርነሉ 2 ሜጋባይት ከሆነ 32 ብሎክ ይይዛል፤ 218 ይቀራል። ስኳሽኤፍኤሱ 11,000 ኪሎባይት ሆኖ ቢወጣ 171.875 ብሎክ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ወደ 172 ከፍ እንዲል በመጨረሻው ላይ ሙሌት መጨመር ግዴታ ነው። ሙሌቱ ቢቀር የጄኤፍኤፍኤስ2 መጀመሪያ ከስኳሽኤፍኤስ መጨረሻ ጋር አንድ ብሎክ ይጋራል፤ የመጀመሪያው መደምሰስ ሲመጣም የታችኛው ፋይል ሲስተም ጅራት አብሮ ይጠፋል። በስሌታችን 46 ብሎክ፣ ማለትም 2,944 ኪሎባይት ለሚለወጠው ክፍል ተርፏል። ከዚህም ጥቂት ብሎኮች ለጄኤፍኤፍኤስ2 የውስጥ ጽዳት ይያዛሉ።

ጄኤፍኤፍኤስ2ን አስቀድሞ በኢሜጅነት ማዘጋጀት ከተፈለገ ሁለት ነገሮች ከቺፑና ከፕሮሰሰሩ ጋር መስማማት አለባቸው፤ የመደምሰሻ ብሎኩ መጠንና የባይት ቅደም ተከተሉ፣ ማለትም ከአንድ ባይት በላይ የሚይዝ ቁጥር ባይቶቹ የሚጻፉበት ተራ። ብዙ የቆዩ ራውተሮች ትልቁን ባይት የሚያስቀድም ሚፕስ ፕሮሰሰር ሲኖራቸው፣ በአርም የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን ያስቀድማሉ። ስኳሽኤፍኤስ 4 ግን በማንኛውም ፕሮሰሰር ላይ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሚጠቀም ይህ ጭንቀት የለበትም።

መሣሪያው ናንድ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይከብድ ነበር። የናንድ ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ የተበላሹ ብሎኮች ሊኖሩት ስለሚችሉ፣ ኢሜጅን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ በጭፍን መገልበጥ አይሆንም። ለዚህ ዩቢአይ የተባለ ንብርብር በቺፑና በፋይል ሲስተሙ መካከል ይገባል፤ የተበላሹትን ይዘላል፣ ድካሙንም ለሁሉም ብሎኮች ያከፋፍላል። በላዩ የሚቀመጠው ዩቢአይኤፍኤስ በኖኪያና በሃንጋሪው የሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2008 ወደ ሊኑክስ የገባ ሲሆን፣ የይዘቱን መፈለጊያ ዝርዝር (ኢንዴክስ) በቺፑ ላይ ስለሚያስቀምጥ እንደ ጄኤፍኤፍኤስ2 ሙሉ ቅኝት አያስፈልገውም። ዩቢአይ ከእያንዳንዱ ብሎክ ራስጌ ላይ ለራሱ መረጃ ቦታ ይወስዳል። 131,072 ባይት ከሆነው ብሎክ ሁለት ሙሉ ገጾች ሲነሡ ለፋይል ሲስተሙ 126,976 ይቀራል፤ ቺፑ ገጽን ከፋፍሎ መጻፍ የሚችል ከሆነ ግን አንድ ገጽ ብቻ ተነሥቶ 129,024 ይቀራል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የተሳሳተ ሰው ኢሜጁን በትክክል ጽፎ እንኳ መሣሪያው አይከፍትለትም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከመገመት ከመሣሪያው የከርነል መልእክት ማንበብ ይሻላል።

ኢሜጁ ከወጣ በኋላ ወደ ቺፑ ከመላኩ በፊት በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደ ዲስክ ከፍቶ መመልከት፣ ጥቂት የአማርኛ ፋይሎችን ከዋናው ጋር ማነጻጸርና መጠኑ ከተመደበለት ክፍል አለመብለጡን ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ከዚያ የሚቀድም አንድ ሥራ ግን አለ፤ የቺፑን ነባር ይዘት በሙሉ ገልብጦ ማስቀመጥ። የሬዲዮው ልኬት መረጃ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው በፋብሪካ የተጻፈ ስለሆነ ከሌላ ተመሳሳይ ራውተር ሊወሰድ አይችልም፤ አንዴ ከጠፋ ዋይፋዩ ይዳከማል ወይም ጨርሶ አይሠራም። ጽሕፈቱ በሚካሄድበት ጊዜ መሣሪያውን በዩፒኤስ ወይም ራውተሩ በሚፈልገው ቮልቴጅ ልክ በሆነ ባትሪ ላይ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ኢሜጁ በሥራ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ የሚቋቋም ቢሆንም፣ ገና እየተጻፈ ሳለ ግን ይህ መከላከያ የለውም።

ጽሕፈቱ ሲያልቅ ቺፑ ላይ ያረፈው መልሶ ይነበብና የማረጋገጫ ቁጥሩ ከኢሜጁ ጋር ይመሳከራል። ማመሳከሪያው የሚደረገው ግን መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊትና የኢሜጁን ርዝመት ያህል ብቻ በመውሰድ ነው፤ ሣጥኑ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባዶውን ቦታ አሰናድቶ መጻፍ ስለሚጀምር፣ ሙሉ ቺፑን ያነጻጸረ ሰው ምንም ስህተት በሌለበት ልዩነት ያገኛል።